ኅሊና፣ ሕሊና ወይስ ህሊና? የልጃችን ስም አጻጻፍ አጣላን

የሳላይሽ እናት (ክሩን የከፈተች) · ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ሴት ልጅ ወልጄ አራስ ቤት ነኝ። ስም ላይ ተስማምተናል። ይሄ በራሱ ተአምር ነው፤ የእኔ ቤተሰብ ክርስቲያን፣ የባለቤቴ ቤተሰብ ሙስሊም ነው። «ወሎ ውስጥ ይሄ ምን ብርቅ ነው?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ስም እስኪወጣ ድረስ ብርቅ አይደለም።

አማቴ የእናታቸው ስም ፋጡማ እንዲወጣላት ፈለጉ። እናቴ ማርያም ያለችበት ስም ካልሆነ ብላ አኮረፈች። እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ሶሊያና፣ ኤልዳና፣ ማራናታ እያለች ደረደረችልኝ። እኔና ባለቤቴ ማንንም የማያስቀይም፣ ሁሉም የሚያውቀው የአማርኛ ስም ይሁን ብለን ኅሊና አልን። ሁሉም እሺ አለ። ዱዓም ተደረገ፣ ምርቃቱም ወረደ።

ጣጣው የመጣው ስሙን ወረቀት ላይ ልንጽፍ ስንል ነው። አባቴ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ «በብዙኃኑ ኅ ካልተጻፈ ስሟ አይደለም» አለ። ባለቤቴ ስልኩ ላይ ቶሎ የምትመጣለትን ህ ጻፈና «ምን ለውጥ አለው?» አለ። የባለቤቴ እህት ደግሞ ሕ ታምራለች ብላ ፌስቡክ ላይ «እንኳን ደህና መጣሽ ሕሊናዬ» ብላ ለጠፈች። አባቴ ያንን አይቶ ሰሞኑን ስልክ አያነሳም።

አሁን የምጠይቃችሁ፦ የትኛው ነው ልክ? ደግሞ እውነቱን ንገሩኝ፣ የሕፃን ስም ተጽፎ ስታዩ ወላጆቹን በልባችሁ ትገምታላችሁ? «የተማሩ ናቸው»፣ «ከገጠር ናቸው»፣ «ፋራ ናቸው» ትላላችሁ? ልጄ ነገ ትምህርት ቤት ስትገባ በአንድ ፊደል እንድትናቅብኝ አልፈልግም።

ሸዋ በር

እንኳን ማርያም ማረችሽ! አራተኛውን ግን ረስተሽዋል፤ «ሂሊና»። የጎረቤቴ ልጅ ደብተር ላይ እንደዚያ ነው ያለው። እናቷ ስትጠራትም እንደዚያው ጎትታ ነው።

አያ ጦሳ · ጡረተኛ መምህር

እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። እኔ የአባትሽ ወገን ነኝ። ኅሊና ኀለየ ከሚለው የግእዝ ግስ ነው የወጣው፤ አሰበ ማለት ነው። ስለዚህ ፊደሉ ብዙኃኑ ኅ ነው። ኃይሌም በእሱ ነው የሚጻፈው። ሕይወት ግን በሐመሩ ሐ ነው። ሰላም በእሳቱ ሰ፣ ሥላሴ በንጉሡ ሠ። ጸጋ በጸሎቱ ጸ፣ ፀሐይ በፀሐዩ ፀ። ፊደላቱ ዱሮ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። አማርኛ ድምፁን ጣለውና ቅርጹን አስቀረ። ትግርኛ ዛሬም ሐን ከሀ ለይቶ ይጠራል።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ፦ አዎ፣ ሰው ይገምታል። መገመት ግን አልነበረበትም። የገዛ ከተማችንን ተመልከቱ። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት የወይዘሮ ስኂን ስም ደሴ ውስጥ ትምህርት ቤት ተሠይሞበታል። እዚያ የተማረው ሁሉ ሲጽፈው ስሂን፣ ስህን፣ ስሕን፣ ስኂን ይላል። ኢንጂነሩም፣ ዳኛውም፣ ሐኪሙም ከዚያ ወጥቷል። አንዱንም «ያልተማረ» ያለው የለም። ታዲያ የቃሪያ ነጋዴዋ ልጇን በህ ብትጽፍ ለምን ይፈረድባታል?

ሙሄ · ኮምቦልቻ

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የመስጊዱንም ወገን ላስገባ። ቁርኣን ቤት የቀራ ሰው ሐ እና ሀ ሁለት የተለያዩ ፊደላት መሆናቸውን በደንብ ያውቃል። ዐረብኛው ይለያቸዋላ። ሙሐመድ፣ አሕመድ፣ ሐሰን፣ ሑሴን፦ ሁሉም በሐመሩ መሆን አለባቸው። ኢብራሂም ግን በሃሌታው ሀ ነው። ኸዲጃ ደግሞ በሦስተኛው፣ ከጉሮሮ በሚወጣው። እኛ ወሎ ላይ ከድጃ ብለን ገላገልናት።

የእኔን ስም ልንገራችሁ። ሰፈር ውስጥ ሙሄ ነኝ። ካርድ ላይ መሐመድ፣ ትምህርት ቤት መሀመድ፣ የመጀመሪያው መታወቂያዬ ላይ ሙሃመድ ነኝ። አባቴ ግን ሸህ ቤት የቀራ ስለሆነ ሙሐመድ ካልሆነ አይስማማም። ቄሱና ሸሁ የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ይሄ የሐ ጉዳይ ነው፣ ወላሂ!

ህሊና በሃሌታው

ስም ከሞክሼዬ ጋር ስለተጋጨ ገባሁ። እኔ ህሊና ነኝ። በህ።

እናቴ ሰኞ ገበያ አትክልት እየቸረቸረች ነው ያሳደገችን። ፊደል አልቆጠረችም። ስሜን በቃሏ ተናገረች፣ ፊደሉን የመረጠው ጤና ጣቢያ ካርድ የሚጽፈው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወረቀት ካርዱን ተከትሎ ሄደ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አንድ መምህር የስም ዝርዝር ሲጠራ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመና «ኅሊና የሌለው ህሊና» ብሎ ቀለደ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ? ማታ ግን ዶርም ገብቼ ስሜን በሦስቱም ፊደል እየጻፍኩ አየሁት። በጣም የሚገርመው፣ ያ መምህር የራሱን ስም በር ላይ «ሠለሞን» ብሎ ነው የለጠፈው።

ስለዚህ እህቴ፣ አዎ ይገምታሉ። ግን የሚገምቱት አንቺን ነው እንጂ ልጅቷን አይደለም። የተማሩ ወላጆች ናችሁ ወይስ አይደላችሁም የሚለውን ነው የሚያዩት።

አያ ጦሳ

ሰሎሞን በእሳቱ ሰ ነው። ንገሪው።

የፒያሳው ባነር ቤት

እኔ ይሄን ነገር በየቀኑ ነው የማየው። የሠርግ ካርድ፣ የምርቃት ባነር፣ የልደት ፖስተር እሠራለሁ። እንዲህ ነው የሚሆነው፦ ሰው በአዘቦት ቀን ህ እና ሰ ይጽፋል። ሠርግ ሲደርስ ንጉሡ ሠ ይፈለጋል። ሙሽሪት ሰላም ከሆነች «ሠላም አድርግልኝ» ትላለች። «የኔ እህት፣ ትክክሉ በሰ ነው» ብላት «ሠ ሞላ ብሎ ያምራል» ትለኛለች። ጸጋም እንደዚያው፤ ለባነር ሲሆን ፀጋ ይሆናል። ቤተልሔም ሔ ካልታከለባት ደረቅ ትመስላቸዋለች፤ እዚህ እንኳን እድለኞች ናቸው፣ ልክ ሆነው ተገኝተዋል።

እና የታዘብኩት ምንድን ነው፣ ሰው ልክ የሆነውን ፊደል ሳይሆን ከበድ ያለ የሚመስለውን ነው የሚመርጠው። ቀላሉ ፊደል ለደብተር፣ የሚያስቸግረው ፊደል ለክብር። ስህተቱም ራሱ የክብር ልብስ ለብሷል።

የልጆች ልደት ላይ ግን ሌላ ዓለም ነው። ኬኩም ባነሩም ላይ ስሙ በላቲን እንዲሆን ነው የሚጠይቁኝ። ባለፈው አንዲት እናት የልጇን ስም በሁለት ኤል አስጻፈች፣ ከመጨረሻው ኤ በኋላ ደግሞ ኤች አስጨመረች። «ምን ያደርጋል?» አልኳት። «የውጭ ይመስላል» አለችኝ። ከፍላለች፣ ጻፍኩላት።

እኔን ጠይቁኝ ካላችሁ፣ በልቤ እገምታለሁ። ሥራዬ ስለሆነ ይሆናል። ፍሥሐ ብሎ በሥ እና በሐ አስተካክሎ የሚያዝ ሰው ሲመጣ ወንበር እስባለሁ።

ህሊና በሃሌታው

«ወንበር እስባለሁ» 😂 እናቴ ብትመጣስ ቆማ ትጠብቅ?

የፒያሳው ባነር ቤት

ለእናትሽማ ሻይም አዛለሁ። ጨዋታ ነው፣ አትቀየሚ።

ቦርከና ዳር · ኮምቦልቻ

ሁላችሁም ፊደሉ ላይ ተንጠለጠላችሁ እንጂ የሳላይሽ እናት መጀመሪያ ያነሳችውን ማንም አላየውም። አማቷ ፋጡማ አሉ። ለምን ቀረ?

ልንገራችሁ። ፋጡማ ዛሬ «የገጠር» ስም ተደርጋለች። ፋጢማ ብትሆን ኖሮ «የቀሩ (ቁርኣን የተማሩ) ሰዎች ልጅ» ትባል ነበር። ፋቲማ ብትሆን ደግሞ «ዐረብ አገር ያሉ ዘመዶች አሏት»። ያችው አንዲት ስም ናት፣ አንዲት ድምፅ በተቀየረች ቁጥር ግን ሰዉ ልብሷን ይቀይርላታል። አያቶቻችን ፋጡማን የራሳቸው አድርገው፣ በራሳቸው አፍ አለስልሰው ነው የያዟት። እንድሪስ፣ ይማም፣ ከድጃ፣ ሁሉም የወሎ አፍ ያበጃቸው ናቸው። አሁን የምናስተካክል መስሎን የአያቶቻችንን አፍ እያረምን ነው።

የክርስቲያኑም ጎን ያው ነው። አስካለ፣ ዘነቡ፣ ወርቂት ብትዪ ወጣቱ ይስቃል። ወርቂትን ታውቋታላችሁ? የወሎ ገዥ የነበረች ሴት ናት።

አያ ጦሳ

ቦርከና ዳር እውነት ነው የምትይው። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲሄዱ መንገድ የሰጠቻቸው ወርቂት ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚህ ተቆጥተው በእጃቸው የነበረውን ልጇን ገደሉባት። ተቀናቃኟ ደግሞ መስታወት ትባል ነበር። ወርቂትና መስታወት! ዛሬ ልጁን እንደዚህ ብሎ የሚጠራ ሰው የለም፤ «የቡና ቤት ስም» ነው የሚሉት። ነገ አንዷ ታዋቂ ተዋናይት ወርቂት ብትባል ግን የደሴ ሴቶች በሙሉ ወርቂት ይወልዳሉ።

ጢጣ

ሰው ከስም ተነሥቶ ስለሚገምተው ካነሣችሁ አንድ ነገር ልበል። ኢብራሂም እና አብርሃም አንድ ሰው ናቸው። ሙሳ እና ሙሴ፣ ዩሱፍ እና ዮሴፍ፣ ሐዋ እና ሔዋን እንደዚያው። ወሎ ውስጥ አንዱ ወንድም ዩሱፍ፣ ሌላው ዮሴፍ የሚባልበት ቤት አውቃለሁ፤ ችግር የለም። ከወሎ ወጣ ስትል ግን ሰው ስምህን ሰምቶ ሃይማኖትህን ብቻ ሳይሆን ብሔርህንም ቆጥሮ ይጨርሳል። ኬላ ላይ መታወቂያ ሲታይ መጀመሪያ የሚነበበው ስም ነው። ከዚህ አንጻር ኅሊና ብልህ ምርጫ ናት፣ በየትኛውም ፊደል።

አዋላጅ ነኝ

የሙያዬን ልናገር። እናት ወልዳ ገና ሳትረጋጋ ስም ይጠየቃል። ብዙዎቹ ገና አላወጡም፤ አያት እስክትመጣ ወይም ሰባተኛው ቀን እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ያኔ «የእገሊት ሕፃን» ብለን እንጽፋለን። ያወጡት ደግሞ በአፍ ይነግሩናል፣ እኛ በመሰለን እንጽፋለን። ፊደሉን ለይቶ የነገረኝ ወላጅ ከስንት አንድ ነው። ሌሊት፣ ተረኛ ሆኜ፣ ሌላ ሴት እያማጠች፣ ብዙኃኑ ይሁን ሐመሩ ብዬ አላስብም፣ እውነቱን ለመናገር።

ከዚህ በኋላ የምትወልዱ፦ ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ይሄን ብቻ ብታደርጉ ግማሹ ጣጣ አይኖርም።

የስም ፋሽን ደግሞ እኛ ጋ ነው መጀመሪያ የሚታየው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ድራማ ስሞች ክፍላችን ገብተው ነበር። አሁን ቀዝቅዘዋል። ያብስራ፣ ሔመን፣ ሶሊያና፣ ኢክራም፣ ሂክማ፣ አምሪያ ነው ወቅቱ።

ከጅዳ የተመለሰች

እስከ አሁን እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር። እኔ ብርቱካን ነኝ፤ እናቴ ያወጣችልኝ። ወደ ዐረብ አገር ልሄድ ስል ደላላው «በዚህ ስም ቶሎ አይሳካልሽም» አለኝ። ፓስፖርት ላይ ዘይነብ ሆንኩ። የአባቴም ስም ተቀየረ። ወሎ ውስጥ እንደኔ ያለች ስንት እንዳለች ታውቃላችሁ። ጅዳ ስደርስ ደግሞ እመቤቲቱ ዘይነብ የሚባል ልጅ ስላላት ሌላ ስም አወጣችልኝ።

በዘይነብ ስም ለፍቼ፣ በዘይነብ ስም ገንዘብ ላክሁ። ተመልሼ ስመጣ ብርቱካን መሆኔን ማስረዳት አቃተኝ። የባንኩ ደብተር በአንዱ፣ የቀበሌው ወረቀት በሌላው። በየቢሮው «ማን ነሽ?» ይሉኛል። ምን እላቸዋለሁ?

የኅ እና የህ ጠብ ሲባል መጀመሪያ ሣቄ መጣ። ቆይቼ ሳስበው ግን የእኔም የተጀመረው «ምን ለውጥ አለው?» ከሚል ሰው ነው። የሳላይሽ እናት፣ ባልሽን እንደዚያ ማለቱን እንዲተው ንገሪው። ስሙ የፈለገው ይሁን፤ ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ይሁን።

ቦርከና ዳር

እህቴ፣ አብሽሪ። ብርቱካን ሸጋ ስም ነው።

ዋሽንግተን ያለ ወሎዬ

ላቲኑ ላይ እኔ ላግዛችሁ። ኅም፣ ሕም፣ ህም እዚህ ሲደርሱ ያው ኤች ናቸው። ፓስፖርቱ ግርጌ ላይ ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች አሉ፤ እዚያ የላቲን ፊደልና ቁጥር እንጂ የእኛ ፊደል አይገባም። ስለዚህ ለውጭው ዓለም የልጅሽ ስም በላቲን የጻፍሽው ነው የሚሆነው።

አንዳንድ ነገር አስቢ። በሁለተኛው ቦታ አይ (I) ነው ወይስ ኢ (E) የምታስገቢው? በኢ ከጻፍሽው ፈረንጁ ሄለና ብሎ ነው የሚያነበው። ስሟ ተቀየረ ማለት ነው። በአይ ከሆነ ይቀርባል። ሁለት ኤል አያስፈልግም። የመጨረሻው ኤች ምንም አይጨምርም፤ የባነር ቤቱ ወንድሜ ደንበኛ «የውጭ ይመስላል» ያለችው እዚህ ማንንም አያስደንቅም። የእኔ ስም ውስጥ ቅ አለች። ወንድሜ በኬ ጻፈ፣ እኔ በኪው። የአንድ አባት ልጆች መሆናችንን ለማስረዳት ስንት ወረቀት አቀረብን መሰላችሁ።

ሌላው፣ እዚህ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይያዛል። ሚስቴ በአባቷ ስም፣ ልጆቼ በእኔ ስም፣ እኔ በአባቴ ስም። ትምህርት ቤት ስንሄድ አራት የማይተዋወቁ ሰዎች እንመስላለን።

መዝገብ ቤት የነበርኩ

ጥሩ ቦታ ላይ ደረሳችሁ። ብዙ ዓመት መዝገብ ላይ ሠርቻለሁ፣ አሁን ወጥቻለሁ፤ የት እንደነበር አትጠይቁኝ።

ሰዉ ያልገባው ነገር ይሄ ነው። ለእኛ ዓይን ኅ፣ ሕ፣ ህ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኮድ አላቸው። ተራ የመፈለጊያ ሳጥን ላይ ህሊና ብለህ ብትፈልግ ኅሊና ብሎ የተመዘገበውን አያመጣልህም። «የሉም» ይላል። ሰውየው ፊትህ ቆሞ «የሉም» ትለዋለህ። በፊደል ተራ ስትደረድራቸውም ይራራቃሉ። ሀ መጀመሪያ ነው፣ ሐ ሦስተኛ ነው፣ ኀ ከተ እና ከቸ በኋላ ነው የሚመጣው። የክፍል ስም ዝርዝር በኮምፒውተር ቢደረደር ህሊና አንደኛ ትጠራለች፣ ኅሊና ከትዕግሥት በኋላ ትመጣለች።

ታዲያ ትልቁ ጣጣ የልጅቷ ስም አይደለም። እሷ አዲስ ናት፣ የፈለጋችሁትን ጻፉላት። ጣጣው ሁለተኛውና ሦስተኛው ስም ላይ ነው፤ የአባቷና የአያቷ። እነሱ ቀድመው በስንት ወረቀት ተጽፈዋል። የሳላይሽ እናት፣ የባለቤትሽን ፋይዳ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ፓስፖርት ካለውም ፓስፖርቱን፣ የትምህርት ማስረጃውንም ጎን ለጎን አስቀምጪና እዪ። የአባቱ ስም በሁሉም ላይ አንድ ነው? ካልሆነ ልጅሽ የእሱን ጣጣ ትወርሳለች። በኋላ ለማስተካከል ሲባል ፍርድ ቤት መሄድ፣ ምስክር መቁጠር ይመጣል።

የልደት ምዝገባ ጊዜው 90 ቀን ነው። ረዥም ይመስላል፣ አራስ ቤት ግን ቶሎ ያልቃል።

ሸዋ በር

ሰውየው ስም ሳይሆን መርዶ ነው የነገረን።

የሳላይሽ እናት

ያላችሁኝን አደረግሁ። ወረቀቶቹን አልጋ ላይ ዘረጋኋቸው። የባለቤቴ ስም ፋይዳው ላይ ሰይድ ነው። ዲግሪው ላይ ሠይድ። ፓስፖርቱ ላይ በላቲን ሌላ ዓይነት። የአባቱ ስም መታወቂያ ላይ እንድሪስ፣ ፓስፖርት ላይ ኢድሪስ። ባለቤቴ «ምን ለውጥ አለው?» ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው።

አማቴን ጠየቅኋቸው፤ «ሟች ስሙ እንድሪስ ነው፣ ኢድሪስ የሚባል ሰው አላገባሁም» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሙሄ

ሰይድም ራሱ ጣጣ አለው። ዐረብኛ ላይ ሰዪድና ሰዒድ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ አንዱ ጌታ እንደማለት፣ ሌላው ደስተኛ። እኛ ሁለቱንም ሰይድ አድርገን አንድ ላይ አሰርናቸው። ግን እንዳትነኩት! አሁን «ላስተካክል» ብትሉ አራተኛ አጻጻፍ ነው የምትጨምሩት።

ኢድሪስ የዐረብኛው ነው፤ እንድሪስ የወሎው ነው።

ቦርከና ዳር

አያቷ እንድሪስ ሆነው ኖረው እንድሪስ ሆነው ነው የሞቱት። እንድሪስ ይሁን። ፓስፖርቱ ጊዜው አልቆ ሲታደስ መስተካከል ያለበት እሱ ነው።

መዝገብ ቤት የነበርኩ

ትክክል። ፋይዳው ላይ ያለው መነሻ ይሁን፤ አሁን ብዙ ቦታ እሱ ነው የሚጠየቀው። ፋይዳ በአማርኛና በላቲን አንድ ላይ ነው የሚመዘግበው፣ ስለዚህ ላቲኑንም ከእሱ ውሰዱ። ለልጅቷ ደግሞ ሐኪም ቤት የተሰጠሽን የልደት ማሳወቂያ፣ የሁለታችሁንም መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። ጸሐፊው ጽፎ ሲጨርስ ከማኅተሙ በፊት አንብቡት። አታፍሩ። «ሰልፍ አለ» ብሎ ቢቆጣም አንብቡት። እኔም እቆጣ ነበር፤ ያነበቡት ሰዎች ግን ተመልሰው አልመጡም።

የፒያሳው ባነር ቤት

ማን ይፈልጋቸዋል እንዲመለሱ? እኔ ጋ እንጂ ልደት ሲመጣ።

አያ ጦሳ

በዘመነ ደርግ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሞክሼ ፊደላትን ለመቀነስ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ለአንድ ድምፅ አንድ ፊደል ይበቃል የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ያ ቢሠራ ኖሮ ይሄ ክር አይከፈትም ነበር። እኔ ግን ባለመሠራቱ አልከፋኝም። የአባትሽን ኅ ስታዪ ቃሉ ከየት እንደመጣ ይታይሻል። ይሄን የምለው ህሊና በሃሌታውን ለማሳዘን አይደለም። የእሷ ህ የእናቷ ላብ አለባት፤ ቀይሪ የሚላት ካለ እኔ ጋ ይምጣ።

ህሊና በሃሌታው

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አልቀይርም። ዲግሪዬም፣ ፋይዳዬም፣ የባንክ ደብተሬም በህ ነው፤ ለአንድ መምህር ቀልድ ብዬ ፍርድ ቤት አልቆምም።

ከጅዳ የተመለሰች

እኔ እቆማለሁ። ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ወር ነው። ዱዓ አድርጉልኝ፣ ጸልዩልኝ።

ሙሄ

አላህ ያግራልሽ።

የሳላይሽ እናት

እግዜር ያቅልልሽ እህቴ። ቤት ውስጥ የምትፈልጊውን ወረቀት አንድ ቦታ ሰብስቢ፣ እኔ ያደረግሁት እሱን ነው።

ሰኞ እንሄዳለን። ኅሊና ሰይድ እንድሪስ፣ በብዙኃኑ። ላቲኑ በአይ፣ በአንድ ኤል። አባቴን ፈርቼ አይደለም። ነገ ልጄ «ለምን በዚህ ፊደል?» ብላ ብትጠይቀኝ የምነግራት ነገር ስላለኝ ነው። የባለቤቴ እህት ግን በሕ መለጠፏን ቀጥላለች። ትናንት ደግሞ «የአክስቷ ሕሊና» ብላ ፎቶ አወጣች። አባቴ ከሥር በኅ አርሞ ኮሜንት ሰጠ፣ እሷ ልብ አደረገችለት። አሁን በስልክ ይጨዋወታሉ።

አማቴ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የፈለጋችሁትን ጻፉ ብለው በአፋቸው ፋጡማ ነው የሚሏት። ሕፃኗ ለሁለቱም ዞር ትላለች።

ቦርከና ዳር

አማትሽን ሳሚልኝ።

ሸዋ በር

እኔም አባት ልሆን ነው፣ ወንድ ነው ብለውኛል። ዓለማየሁ ልለው አስቤ ነበር። በየትኛው አ ነው?

አያ ጦሳ

በዐይኑ ዓ። ለእሱ ግን ሌላ ክር ክፈት፤ ይሄኛው ረዘመ።